ሁለት በገና ጎን ለጎን

መጀመሪያ የገዛሁት በገና ለዐይን ያምራል። አውታሮቹ ከላይ የሚታሰሩበት ቀንበር አናቱ ላይ መስቀል ተቀርጿል፣ ድምፅ የሚያስተጋባው ሣጥን፣ ገበቴው፣ በቀይ ቆዳ ተለብጧል፣ ሁለቱ ቋሚዎች በቫርኒሽ ያብረቀርቃሉ። በ2009 ዓ.ም. ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የባህል ዕቃ ሱቆች ከአንዱ በ1,800 ብር ገዛሁት። ዐቢይ ጾም በመጣ ቁጥር እናቴ የምታዳምጠውን የዓለሙ አጋን በገና እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ እና ያን በገና ተሸክሜ ቤት ስገባ የዕድሜ ልክ ምኞቴ የተፈጸመ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ትምህርት በጀመርኩ በመጀመሪያው ቅዳሜ መምህሬ በገናውን ተቀብለውኝ ከወፍራሙ አውታር ጀምረው አንድ በአንድ መቷቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ "ልጄ፣ ይኼ ወፍራም ድምፅ ያለው ክራር ነው። በገና እኮ ይነዝራል" አሉኝ። ከዚያ የራሳቸውን አንስተው አንዲት አውታር ብቻ ነኩ። ክፍሉ ውስጥ ንብ የገባ መሰለ። እኔ የያዝኩትና እሳቸው የያዙት ስማቸው እንጂ ሌላው እንደማይገናኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሁለተኛውን በእሳቸው ጥቆማ ከእንጦጦ ግርጌ ግቢያቸው ውስጥ ለሚሠሩ አንድ አባት አዘዝኩ። ዋጋው 6,500 ብር ነበር፤ ግማሹን ቀብድ ከፍዬ ሁለት ወር ከሳምንት ጠበቅኩ። በየሳምንቱ እሄድ ስለነበር ሥራውን ከሞላ ጎደል አይቻለሁ። እንጨቱ ቀድሞ የደረቀ ዋንዛ ነው። ቆዳው ተፍቆ ከሳሳ በኋላ እርጥቡን ገበቴው ላይ ተወጥሮ ይሰፋል፣ ከዚያም ጥላ ውስጥ ይደርቃል። አውታሮቹ የበግ አንጀት ናቸው፤ ታጥቦና ተፍቆ ገና እርጥብ ሳለ ይገመዳል፣ ተወጥሮም ይደርቃል። ከሱቅ የገዛሁት በገና ላይ የነበረው ግን ናይለን ነው። ይህን የሚያህል ልዩነት ሱቅ ውስጥ ሳለሁ ለማየት ዐይኑ አልነበረኝም።

ሁለቱ በገናዎች እጄ ሲገቡ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት አልሆነልኝም። ልዩነቱ የቱ ጋ እንዳለ ማወቅ ፈለግኩ። ስለዚህ ከሱቅ የገዛሁትን ክፍል በክፍል እየቀየርኩ፣ በቀየርኩ ቁጥር በስልኬ እየቀዳሁ ከሁለተኛው ጋር ማወዳደር ጀመርኩ።

ከአውታሩ ጀመርኩ። ናይለኑን አውርጄ አንጀት አሰርኩበት። ድምፁ ወፈረ፣ ሞቀ፤ ግን አልነዘረም። ይህ በጣም አስገረመኝ፤ ምክንያቱም ጥፋቱን በሙሉ በናይለኑ ላይ ደምድሜ ነበር።

ቀጥሎ እንዚራ ላስገባ ሞከርኩ። በገና የማያውቅ ሰው እንዚራን ላያስተውለው ይችላል፤ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ ገበቴው ላይ በሚያርፉበት እንጨት፣ በበርኩማው፣ መካከል የሚገባ ቁራጭ ቆዳ ነው። ሥራው አውታሩን ከበርኩማው በጥቂቱ ማንሣት ነው፤ አውታሩ ሲመታ በርኩማውን ደጋግሞ እየነካ ይንቀጠቀጣል፣ ያ የምንወደው ንዝረትም ከዚያ ይወለዳል። የሱቁ በገና ላይ ግን ቆዳው የሚቀመጥበት ቦታ ራሱ የለም! በርኩማው እንደ ክራር ቀጭንና አናቱ ሹል ነው፤ አውታሩ በአንዲት ነጥብ ብቻ ነክቶት ያልፋል። የበገና በርኩማ ግን ሰፊና ለጥ ያለ መሆን አለበት። የመምህሬ "ክራር ነው" ማለት ለካ ይህ ነበር።

አዲስ በርኩማ ያስጠረብኩት እዚያው እንጦጦ ነው። አባት እንዚራውን ሲያስገቡ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ቁራጯን ቆዳ በአውታሩ ሥር ያስገቧታል፤ ይመታሉ፤ ጆሯቸውን ወደ ቀንበሩ ዘንበል ያደርጋሉ። በጥፍራቸው የፀጉር ያህል ገፋ። ይመታሉ። "አልመጣም" ይላሉ። እንደገና ገፋ። ስድስተኛው አውታር ላይ ሲደርሱ ሩብ ሰዓት ቆዩበት፤ ቆዳዋን አውጥተው በምላጭ ገርዘው መለሷት። ድንገት ነዘረ። ቀና ብለው ፈገግ አሉና፣ "ይኼ በዋጋ አይገዛም ልጄ፣ ጊዜ ነው" አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሁለቱን በገና የዋጋ ልዩነት የማየው በእንጨትና በቆዳ መጠን አይደለም፤ በርካሹ ላይ ማንም ባልተቀመጠባቸው ሰዓታት ነው።

በርኩማው፣ እንዚራውና አንጀቱ ሲሟሉ ርካሹ በገና በእርግጥ በገና ሆነ። መጀመሪያ አንዱን አውታር መትቼ እስከ 3 ስቆጥር ይጠፋ የነበረው ድምፅ አሁን እስከ 6 ይደርሳል። ከእንጦጦው ጋር ዐይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ አሁንም እለያቸዋለሁ፤ የእንጦጦው ከሆድ ይመጣል፣ ይኼኛው ከደረት። የገበቴው ጎን ኮምፔንሳቶ ነው፣ በሚስማር የተመታ። ይህን ደግሞ መቀየር ማለት ሌላ በገና መሥራት ነው።

ሌላው የማይጠገን ጉዳይ ቅኝቱ ነበር። ቀንበሩ ለስላሳ እንጨት ስለሆነ መቃኛዎቹ አይጨብጡም፤ ቃኝቼ አንድ መዝሙር ሳልጨርስ ሁለት ሦስቱ ይወርዳሉ። አንጀቱ ሲወጠርበት ደግሞ ቋሚዎቹ ቀንበሩ ውስጥ የገቡበት ቀዳዳ መላላት ጀመረ። ክረምት ሲገባ ቆዳው ረገበ፣ በርኩማው ሰጠመ፣ ዐሥሩም አውታር አብረው ወረዱ። የእንጦጦውም በሐምሌ ይረግባል፣ ቆዳ ቆዳ ነውና፤ ግን ፀሐይ ስትወጣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቨርጂኒያ ያለች እህቴ በገና ልኬላት ነበር፤ እዚያ ደግሞ በብርዱ ወራት የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ያደርቀዋልና ቆዳው ከመጠን በላይ ይወጠራል። ከማሞቂያው ራቅ አድርጊው ብያታለሁ።

አሁን በገና ልግዛ ብሎ ምክር ለሚጠይቀኝ፣ ቅርጹንና ቀለሙን ተወው እለዋለሁ። መጀመሪያ ጎንበስ ብለህ በርኩማውን እይ፤ ሰፊ ካልሆነ ሌላው አያስፈልግህም። አንዱን አውታር አስቃኝና ሻይ ጠጥተህ ተመለስ፤ ቅኝቱ ካልቆየ ነገም አይቆይም። በአውታሮቹ መካከል ያለውንም ክፍተት በጣትህ ለካ፤ ብዙ ጊዜ የሚመቱት ዐሥሩም አውታሮች አይደሉም፣ ጣት የሚያርፍባቸው አሉ፣ የእኔ ግን ተጠጋግተው ስለነበር ጣቴ ማረፊያ አጥቶ ወር ሙሉ የማይሆን ልማድ ያዘ። አንጀት እስክታገኝ ናይለን መታገስ ይቻላል። ገንዘብህ አነስተኛ ከሆነም ባዶ እጅህን ከምትቀመጥ በርኩማው የሚሻሻል ርካሽ በገና ይዘህ ጀምር፤ በቀይ ቆዳ መለበጡ ቢቀር ግን ይቅር። በእጅ የተሠራ ሁሉ ጥሩ ነው ብለህም አትሂድ። ሱቅ የገዛሁትም በሰው እጅ ነው የተሠራው፤ የሠራው ሰው ለግድግዳ ብሎ ሠራው እንጂ።

ያ በገና አሁን ግድግዳ ላይ አይደለም። ጎረቤቴ ያለች የ12 ዓመት ልጅ ትማርበታለች። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ምሽት ተሸክማው መጣችና፣ "ጋሼ፣ የአራተኛው እንዚራ ወደቀ" አለችኝ። ቆዳዋን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ አልሰጠችኝም። ጣቷን በምራቅ አርሳ ራሷ አስገባቻት፣ መታች፣ ጆሮዋን አዘነበለች፣ በጥፍሯ ገፋ አደረገች። "አልመጣም" አለች፣ እንደገና ገፋች።