አፈሩ ረጥቦ አበባው ለምን ይጠወልጋል?

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አበባና ችግኝ በሚሸጥበት ቦታ ነው። ግንቦት ላይ አንዲት ደንበኛችን ፒስ ሊሊ የሚባለውን የቤት ውስጥ አበባዋን ታቅፋ መጣች። ቅጠሉ በሙሉ በመትከያው ጠርዝ ላይ ተኝቷል።

«ወደ ትልቅ መትከያ ካዛወርኩት ጀምሮ እንዲህ ሆነብኝ» አለች። «ጠዋት ማታ አጠጣዋለሁ። ፀሐይ እንዲያገኝ በረንዳ አወጣሁት። ዩሪያም ጨመርኩለት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው አትክልተኛችን መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱ። ጭቃ ነው። ተክሉን ከነአፈሩ አወጡትና አንዱን ቡናማ ሥር በሁለት ጣት ይዘው ሳብ አደረጉት። ልጣጩ ሙልጭ ብሎ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ውስጡ እንደ ክር ቀጥኖ ተንጠለጠለ። የበሰበሰ ሥር እንዲህ ነው። መሀል ያሉት ግን ነጭና ጠንካራ ነበሩ።

«አይዞሽ፣ አልሞተም» አሏት።

ተክል ውኃ የሚስበው በአብዛኛው ከሥሩ ጫፍ አካባቢ ባሉ ፀጉር መሰል ቀጫጭን ነገሮች ነው። ስናዛውረው እነሱ ይበጠሳሉ። ቅጠሉ ግን ውኃ ማትነኑን አያቆምም። ስለዚህ አፈሩ ረጥቦም ይጠወልጋል። ጠምቶታል ብለን ስንጨምርበት ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። መትከያው ሲሰፋ ደግሞ ይብሳል፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውኃውን ይዞ ይቀመጣል። ከድሮው ከ2 እስከ 5 ሳንቲሜትር ቢሰፋ ይበቃል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ የተጎዳ ሥር ያቃጥላል። ፒስ ሊሊ በትውልድ ቦታው፣ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደን፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚያድግ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ላይ የበረንዳ ፀሐይ አይችልም።

ጋሼ የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆረጡ። ከታች ቀዳዳ ያለው አነስተኛ መትከያ አምጥተው በቀይ አፈር፣ በኮምፖስትና በአሸዋ ተከሉት።

«የወደቀውን ቅጠል ልቁረጠው?» አለች።

«ተይ ልጄ። አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ለሥሩ ምግብ የሚሠራለት እሱ ነው። ቢጫ የሆነውን ብቻ አንሺለት።»

አንዴ አጠጥተን ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው። ከባዱ መጠበቁ ነው። እሷ እየደወለች «ውኃ ጠጣ?» ትላለች፤ ጋሼ ደግሞ ላይኛው አፈር ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ካልደረቀ ጠብታ አያስነኩም። ልክ ነበሩ። ከሳምንታት በኋላ ቅጠሎቹ ቀና አሉ፤ ከመሀል ጥቅልል ያለ አዲስ ቅጠል ወጣ። ማዳበሪያ የተፈቀደለት ሁለት ሦስት ቅጠል ከጨመረ በኋላ ነው፣ ያውም በውኃ በጣም ቀጥኖ።

አሁን መትከያ ሊገዛ የሚመጣውን ሁሉ የተክሉን ፎቶ ከነድሮ መትከያው እንዲያሳየን እንጠይቃለን። በጣም ሰፊ ከመረጠ አይሆንም እንለዋለን፤ ሽያጩ ቢቀርም ይቅር።