ሰባተኛ ቅዳሜ፦ ከበጎቹ ፊት መሄድ

ያደግሁት መንዝ ውስጥ በግ እየጠበቅሁ ነው። አሁን ሰሜን እንግሊዝ፣ ኖርዘምበርላንድ ነኝ። አንድ አዛውንት ገበሬ «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ከውሻዬ ጋር እረኝነት ተማር» ሲሉኝ በሆዴ ሳቅሁ። እኔን ነው እረኝነት የሚያስተምሩት? ሰባት ቅዳሜ አለፈ፤ አሁን የምስቀው በራሴ ነው።

ውሻው ሞስ ይባላል። ቦርደር ኮሊ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ቀጠን ያለ። «ቦርደር» የተባለው በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር ነው፤ ዘሩ የወጣው ከዚሁ አካባቢ ነው። የዛሬዎቹ ቦርደር ኮሊዎች የዘር ሐረግ ከሞላ ጎደል ኦልድ ሄምፕ ከተባለ አንድ ውሻ ይደርሳል። እሱን እንደ ፈረንጆቹ በ1893 ያስወለደው አዳም ቴልፈር የተባለ የኖርዘምበርላንድ ሰው ነው። ሄምፕ ሳይጮህ፣ በጎቹን ሳያስደነብር በዝምታ ይሠራ ነበር። ሌሎች እረኞችም ዘሩን የፈለጉት ለዚህ ነው።

ሞስም እንደዚያው ነው፤ ሥራ ላይ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ በጎቹን ትክ ብሎ ያያቸዋል፤ እነሱም ይንቀሳቀሳሉ። ገበሬዎቹ «ዓይን አለው» ይላሉ። እኛ አገር ቢሆን ቡዳ ነው እንለው ነበር።

ትእዛዞቹ ጥቂት ናቸው። «ካም ባይ» ሲባል በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ በጎቹን ይዞራል፤ «አዌይ» ሲባል በተቃራኒው። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሳምታታቸው ከረምኩ። በኋላ ብልሃቱ ገባኝ፦ በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ካም ባይ ከ«ክሎክዋይዝ» (በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ)፣ አዌይ ከ«አንቲክሎክዋይዝ» (በተቃራኒው) ጋር በአንድ ፊደል ይጀምራሉ።

ትልቁ ስህተቴ ግን እግሬ ላይ ነበር። መንዝ ውስጥ እረኛ ከመንጋው ኋላ ነው የሚሄደው። ውሻ ካለም ለጅብ ነው፤ የሚነዳው ልጁ ነው፣ በዱላና በፉጨት። እዚህም ሳላስበው ከበጎቹ ኋላ እገባለሁ። ያኔ ሞስ ዞሮ ማዶ ሄዶ ይቆማል። እኔ እንደገና ኋላ ስሆን እሱ እንደገና ይዞራል። በጎቹ መሃል ላይ ግራ ተጋብተው ይሽከረከራሉ። እምቢ ያለኝ መስሎኝ ጮህኩበት፤ ይባስ ብሎ ፈጠነ።

ሽማግሌው አጥሩን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና «እሱ ልክ ነው፣ አንተ ነህ የተሳሳትከው» አሉኝ። የዚህ ውሻ ደመ ነፍስ በጎቹን ወደ ሰውየው ማምጣት ነው። በሰዓት ፊት ብናስበው፣ እኔ ስድስት ላይ ከቆምኩ እሱ አሥራ ሁለትን ይይዛል፤ በጎቹ መሃል ይሆናሉ። ስለዚህ ጀርባዬን ለበጎቹ ሰጥቼ መራመድ ብቻ ነው ያለብኝ።

ለእረኛ ልጅ ይሄ ቀላል አይደለም። በጎቹን ሳላይ? ባለፈው ቅዳሜ ሞከርኩት። ሃያ እርምጃ ያህል ሄድኩ፤ ኋላዬ የሣር ኮሽታና ትንፋሽ ይሰማኛል። ዞር ስል አሥራ አንዱም በጎች ተከትለውኛል። ሞስ ከኋላቸው ዝቅ ብሎ እየመጣ ነው።

ቀጥሎ የምንለማመደው መንዳት ነው፤ ውሻው በጎቹን ከእኔ እያራቀ ሲወስዳቸው ማለት ነው። ከደመ ነፍሱ ጋር ስለሚጋጭ ለሞስ ከባዱ ይሄ ነው አሉ። እኔ ደግሞ በልጅነቴ የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።