አማቴ፣ ማሞቂያው እና አንድ ከመቶ ተኩል

መኪናዬ ዳሽቦርዷ ላይ ያን ቁጥር ባታሳየኝ ኖሮ ቤተሰቤም እኔም ሰላማችንን ይዘን እንኖር ነበር። ተራ፣ ትንሽ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት የቤት መኪና ናት። መሪው አጠገብ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ግን በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደምትጠጣ ትናገራለች። ያውም እየተነዳች፣ በየቅጽበቱ። ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫውን ረገጥ ሲያደርጉት ቁጥሩ ሽቅብ ይዘልላል፤ ቁልቁለት ላይ እግር ሲነሣ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ! ሰው ይህን አይቶ እንዴት ጤነኛ ሆኖ ይቀራል?

ዜሮው ደግሞ ውሸት አይደለም። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር የሚረጭላቸው የዘመኑ ሞተሮች ማርሽ እንደገባ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ርጭቱን ያቋርጣሉ፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ይሆናሉ። ቁልቁለት ባገኙ ቁጥር ፎሌ የሚያደርጉ፣ ማለትም ማርሹን አውጥተው የሚወርዱ ሰዎች የቆጠቡ ይመስላቸዋል እንጂ ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን እየተጎነጨ ነው የሚወርደው። ይህን ለባለቤቴ በደስታ ነገርኳት። «ጎበዝ» አለችኝ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረበት የሚሉ ዘመዶች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም።

በነገራችን ላይ በዚያ ሰሞን የነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው ነበር። በትሕትና አሰናበትኩት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት «ነዳጅ ቆጣቢ» የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ፍጆታን በጉልህ የሚቀንስ አንድም እንዳላገኘ አውቃለሁና። እኔ የምከተለው ሳይንስን ብቻ ነው። ይህን የምናገረው ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ስታነቡ እንድታስታውሱልኝ ነው።

ሳይንሱ እንዲህ ነው። የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚቋቋማት አየር እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በአውራ ጎዳና ላይ ነዳጃችንን በብዛት የሚበላው ፊታችን የተደቀነው አየር ነው። በ1930ዎቹ ውኒባልድ ካም የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ የመኪናን ጅራት ቀስ በቀስ አጥብቦ ጫፉን ድንገት በመቁረጥ አየሩን መሸወድ እንደሚቻል አሳይቷል። ሆንዳ በ1999 ያወጣት የመጀመሪያዋ ኢንሳይት ደግሞ የኋላ ጎማዎቿ ከላይ በሽፋን የተከለሉ ነበሩ፤ የአየር መቋቋም መለኪያዋም 0.25 ብቻ ነበር። ሆንዳ የሠራውን እኔ የማልሠራበት ምክንያት አልታየኝም።

«ፋብሪካ ስለሌለህ ነዋ» አለች ባለቤቴ።

ፋብሪካ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቀላል፣ ውኃ የማያበላሸው፣ በተራ ቢላዋ የሚቆረጥ የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው፤ ያ በሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል ባዶ ቦዮች ያሉበት፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራበት ዓይነት። ማስታወቂያ የሚሠራ ጎረቤቴ ደንበኛው ሳይወስደው የቀረ አንድ ትልቅ ሰሌዳ በነጻ ሰጠኝ። ሰሌዳው የጥርስ ክሊኒክ ማስታወቂያ ነበር። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ ፈገግታ።

መቼም ሰው ነኝና ሥዕሉን ወደ ውስጥ፣ ነጩን ጀርባ ወደ ውጭ ላደርግ አስቤ ነበር። ነገር ግን ጀርባው ላይ የደረቀ ማጣበቂያ ተጓጉሎበታል፤ ሻካራ ገጽ ደግሞ አየሩን ያውካል። ስለዚህ ለሳይንስ ሲባል ጥርሱ ወደ ውጭ ወጣ። የላይኛው ረድፍ የግራውን የኋላ ጎማ ሸፈነ፤ የታችኛው ረድፍ የቀኙን። የተረፈውን ከንፈርና ድድ ገጣጥሜ ከመኪናዋ ሆድ ሥር በሽቦና በፕላስቲክ ማሰሪያ ወጠርኩት፤ ከሥር ያለው ወጣ ገባ ሁሉ አየር ስለሚጎትት ለስላሳ ሆድ ያላት መኪና ትጠቀማለች። ከኋላዬ የሚመጡ ሰዎች እየሳቁ ሲያልፉኝ እኔም እስቅላቸዋለሁ። የሚስቁት ለእኔ ሳይሆን ለመኪናዋ መልሰው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ነዳጅ ማደያ ላይ ደግሞ አንድ ጎልማሳ ሰው መስኮቴን አንኳኳ።

«ዶክተር፣ ቅዳሜም ትሠራላችሁ?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይህ የአየር ማሳለፊያ ነው» አልኩት።

«ገባኝ» አለና አፉን ከፍቶ በአመልካች ጣቱ ጉንጩን ወደ ጎን ስቦ አሳየኝ። የውስጠኛው መንጋጋው ከላይ እስከ ታች ተቦርቡሯል። «ማታ ማታ ነው የሚጠዘጥዘኝ።»

ምን ይባላል? ለብ ባለ ውኃ ጨው በጥብጦ እንዲጉመጠመጥና ሐኪም ዘንድ ፈጥኖ እንዲሄድ ነገርኩት። መርቆኝ ሄደ። ባለቤቴ ግን እስከ ቤት ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጎማዎቹን ነፋስ ጨመርኩባቸው። በሾፌሩ በር ላይ ከተለጠፈው ልክ አንድ ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሲጎድል ፍጆታ በ0.2 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከልኩ በላይ ብሞላው ምን አገኛለሁ ብዬ ነው። ያገኘሁት የወገብ ሕመም ነው። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚይዘው በመሃሉ ብቻ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፤ ይህን ለማንም አልመክርም።

ከዚያ ወደ ክብደት ዞርኩ። 45 ኪሎ ግራም ያህል ሲጨመር ፍጆታው አንድ ከመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ በትንሽ መኪና ላይ ደግሞ ይበልጥ ይታወቃል። ስኮርታው፣ ትርፍ ጎማው ማለቴ ነው፣ ወጣ። ክሪኩ ተከተለው። ምንጣፉ፣ የልጆቹ ጃንጥላ፣ ኪስ ውስጥ የነበረው የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ሳይቀር ቤት ቀረ። አማቴን ወደ እኅታቸው ቤት እንድናደርሳቸው ስንጠየቅ መኪናዋ በሕይወቷ እንደዚያ ቀልላ አታውቅም ነበር።

አማቴ ከኋላ ተመቻችተው ተቀመጡ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስንት ኪሎ ነዎት?»

ባለቤቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ለምን ፈለግኸው ልጄ?» አሉ አማቴ።

«ለሒሳብ ነው። ሰባ ቢሆኑ አንድ ከመቶ ተኩል ይመጣሉ።»

«የምኑ?»

ባለቤቴ ሬዲዮ ከፈተችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

እዚህ ላይ አንድ ያልነገርኳችሁ ሥራ አለ። ራዲያተሩ ፊት ያለውን ፍርግርግ ዘግቼዋለሁ። በፍርግርጉ ገብቶ በሞተሩ ዙሪያ የሚተራመሰው አየር መኪናዋን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ለዚህ ብለው እንደ ሙቀቱ ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ አላቸው። የእኔ መዝጊያ ራሱ አይከፈትም። ከሰሌዳው የተረፈው አንድ የክራንቻ ጥርስ በወፍራም ፕላስተር የታሸገበት ነው። በጠዋቱ ቅዝቃዜ በሜዳ መንገድ ላይ እጅግ በሚያምር ሁኔታ ይሠራ ነበር። ያን ዕለት ግን ጊዜው እኩለ ቀን፣ መንገዱም ረጅም ዳገት ነበር፤ ከፊታችን ደግሞ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል። የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ከሲሶ ያነሰውን ነው፤ የቀረው አብዛኛው ሙቀት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ላይ የእኔ ክራንቻ ተቀምጧል።

የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሃል ተነሣ። መጠጊያ የሌለው ጠባብ መንገድ ስለነበር መቆም አልተቻለም። በዚህ ጊዜ የሚደረገውን አውቃለሁ፦ የመኪና ማሞቂያ ማለት በሞተሩ ውኃ የሚሠራ ትንሽ ራዲያተር ነው፤ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ከሞተሩ ሙቀት እየቀነሰ ወደ ውስጥ ያስገባል። ከፈትኩት።

«ልጄ» አሉ አማቴ ትንሽ ቆይተው፣ «ማሞቂያ ነው የከፈትከው?»

«አዎ እማማ። ለማቀዝቀዝ ነው።»

ይህ አባባል ከሳይንስ አንጻር አንዳች ስሕተት የለበትም። በዚያ ሰዓት ለማስረዳት ግን የሚመች አልነበረም። አማቴ ሻሻቸውን ፈቱ። ቀጥለው ሹራባቸውን አወለቁ። ቀጥለው መስኮቱን ለማውረድ እጃቸውን ሲሰዱ፣ ልማድ ሆኖብኝ «እማማ፣ መስኮት ሲከፈት እኮ አየሩን…» ብዬ ጀመርኩ። ባለቤቴ ስሜን ጠራችው። ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ። ዝም አልኩ፤ አራቱም መስኮቶች ተከፈቱ።

መስኮቶቹ ሲከፈቱ ከሥር የሚመጣው ድምፅ ተሰማ። የጭስ ማውጫው ሙቀት የፕላስቲክ ማሰሪያዎቹን አልፈስፍሷቸው የሆዷ ሽፋን በአንድ ወገን ወርዶ አስፋልቱን እየፋቀ ነበር። ዳገቱ አናት ላይ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ ገና ከሩቅ ሰምቶን ኖሮ እጁን ዘርግቶ ጠበቀን።

መኪናዋን ዞራት። የላይኛውን ጥርስ አየ፤ የታችኛውን አየ፤ ቁጢጥ ብሎ ከሥር የሚጎተተውን ድድ አየ። ከፊት የታሸገውን ክራንቻ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ በእኔ በኩል ባለው መስኮት ጎንበስ ሲል የማሞቂያው ወላፈን ፊቱን ገረፈውና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የኋላ ወንበር ላይ በላብ የተጠመቁትን አማቴን አያቸው። እኔን ምንም አልጠየቀኝም።

«እናቴ» አላቸው በለሰለሰ ድምፅ፣ «የተሳፈሩት በፈቃድዎ ነው?»

አማቴ ወዲያው አልመለሱም። አሰቡበት።

ከእሱ ጋር ተረዳድተን ፕላስተሩን ገሸለጥን፤ ሽፋኑንም ቆርጠን አወጣን። ፖሊሱ ሞተሩ እስኪበርድ ጥላ ሥር እንድንቆም ፈቀደልን፤ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ እንዳልከፍት አስጠነቀቀኝ፤ ይህን እኔም አውቅ ነበር። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋራዥ እንድሄድ አዘዘኝ።

መካኒኩ የቀሩትን ጥርሶች ያለ ማስታገሻ ነቀለ። ኋላዋን በክሪክ አንሥቶ የግራውን ጎማ በእጁ ገፋው። ጎማው ሩብ ዙር ዞሮ ቀጥ አለ። የቀኙን ገፋው፤ እሱ እንደ ልቡ ተሽከረከረ። የግራውን ቸርኬ ፈትቶ የፍሬኑን ታምቡር ሲያወጣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋራዡን ሞላው። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ መመለስ አቅቶታል፤ ፍሬኑ ከተለቀቀ በኋላም ሸራው ታምቡሩን እየታከከ ነው የሚሄደው።

«ይሄ ጎማ ከተያዘ ቆይቷል ጌታዬ» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ነዳጅ አልበላብዎትም?»

ባለቤቴ እጆቿን አጣጥፋ መልሴን ጠበቀች። እኔ የያዝኩት የአየሩን ጉዳይ እንደነበረ፣ የፍሬኑ ጉዳይ በሌላ ክፍል የሚታይ መሆኑን አስረዳሁ።

ገመዱ ተቀየረ፤ የጎማዎቹ ነፋስ ወደ ልኩ ተመለሰ። ሲመሽ አማቴን ወደ ቤታቸው የመለሰቻቸው ባለቤቴ ነበረች፤ እኔ ጎኗ ተቀመጥኩ። መስኮቶቹ ክፍት፣ ፍርግርጉ ክፍት፣ አማቴ ከእኅታቸው ቤት የተሰጣቸውን ሁለት ከባድ ከረጢት ጨምረው ከኋላ። ባለቤቴ እንደ ማንኛውም ሰው ነዳች። በሩ ላይ ስንደርስ ሞተሩን ከማጥፋቷ በፊት ያን ቁልፍ ተጫነችና አማካዩን ቁጥር ጮክ ብላ አነበበችው። እኔ በጥርስም በድድም ካገኘሁት ሁሉ ያነሰ ነበር።

«እኔን ጨምሮ ነው?» አሉ አማቴ ከኋላ።