መጫወቻ ፓርክ ማልዶ መድረስ ዛሬም ያዋጣል ወይ?

ባለፈው ዓመት የእንቁጣጣሽ ዕለት ከምሳ በኋላ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ በአዲስ አበባ ዳርቻ ወደሚገኝ አንድ መጫወቻ ፓርክ ሄጄ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ በሚሽከረከረው ወንበር ላይ ለመውጣት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተሰልፋ ቆመች፤ ከፊቷ ጥቂት ልጆች ብቻ ሲቀሩ ዝናቡ ድንገት ወረደና ማሽኑ ቆመ። ሠራተኞቹ ማቆማቸው ተገቢ ነበር፤ እኔን የቆጨኝ ልጆቼን ያመጣሁበት ሰዓት ነው። ልጄ ትኬቷን ከእጇ ሳትለቅ ወደ ጣራው ሥር ሮጠች፤ መዳፏን ስትከፍት ወረቀቱ ርሶ የቁጥሩ ቀለም በቆዳዋ ላይ ታትሞ ነበር። ወደ ቤታችን፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስንመለስ «እማዬ፣ ጠዋት ብንመጣ ኖሮ ይደርሰኝ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር ልነግራት ስላልፈለግኩ፣ አብረን እናየዋለን አልኳት። ከዚያ በኋላ ከጥቅምት እስከ ግንቦት አሥራ አንድ ጊዜ ሄድን፤ ሰባቱን ማለዳ፣ አራቱን ከሰዓት በኋላ አድርገን፣ የደረስንበትን ሰዓት፣ በሰልፍ የቆምነውን ደቂቃና የተጫወትነውን ጨዋታ ብዛት በደብተር እየጻፍኩ ከረምኩ።

ጥያቄው የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኦርላንዶ አቅራቢያ የምትኖረው እህቴ ልጆቿን ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ወደሚባለው ግዙፍ መጫወቻ ፓርክ ስትወስድ ሌሊት ተነሥታ እንደምትዘጋጅ ሁልጊዜ ትነግረኛለች። እዚያ በቀድሞው ልማድ ሠራተኞች የማለዳውን ሕዝብ በገመድ ይዘው ያቆዩና ሰዓቱ ሲደርስ ገመዱን ይለቁ ስለነበር፣ በር ሲከፈት መገኘት እስከ ዛሬ በዚያ ገመድ ስም ይጠራል። ሆኖም የማልዶ መድረስ ትርጉም በጊዜ ብዛት ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረውና ለማንኛውም ጎብኚ በነፃ ይሰጥ የነበረው ፋስትፓስ የተባለ የተራ ማስያዣ በ2021 ቀርቶ፣ ሰልፉን በገንዘብ የሚያሳጥረው ላይትኒንግ ሌን ተተክቷል። በድርጅቱ ሆቴሎች ያደሩ እንግዶች ከሌላው ሰው በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይገባሉ፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ እነዚሁ እንግዶች ተራቸውን ከሰባት ቀን በፊት፣ ሌሎች ከሦስት ቀን በፊት በስልካቸው መግዛት ይችላሉ። ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ በር ላይ የቆመ ሰው ከእርሱ ቀድመው፣ ቤታቸው ተቀምጠው ተራ የያዙ ሰዎች አሉበት። እህቴ እንደምትለው ማለዳው አሁንም ይጠቅማል፤ ጥቅሙ ግን ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት እምብዛም አያልፍም። እኛ በሄድንባቸው ፓርኮች ተራ በገንዘብ ሲሸጥ አላየሁም፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጫወታል። በመሆኑም ማለዳው እኛ ዘንድ ከዚያ ይበልጥ ሊያዋጣ ይገባል ብዬ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ማለዳ ግን አልሠመረም። በጥቅምት ወር አንድ እሑድ ከቤት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ወጥተን፣ በሚኒባስ ሁለት ጊዜ ተሳፍረን፣ 1 ሰዓት ከሃምሳ ላይ በሩ ዘንድ ደረስን። በሩ 2 ሰዓት ላይ ተከፈተ፤ ከእኛ በቀር የገባ ሰው አልነበረም። የስድስት ዓመቱ ልጄ በደስታ ወደ ትንንሾቹ መኪኖች ሲሮጥ አንድ ዘበኛ ከኋላው ደርሶ በትሕትና እጁን ያዘውና ወደ እኔ ዞሮ «እናቴ፣ ገና ነው እኮ፤ ማሽኖቹ የሚነሡት 4 ሰዓት ላይ ነው። ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ልጅም አልደረሰም» አለኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በብርድ ተቀመጥን። እኔ የፓርኩን የመክፈቻ ሰዓት ጠይቄ ነበር፤ መጠየቅ የነበረብኝ የመጀመሪያው ማሽን ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አስቀድሜ ስደውል ሁለቱን ለያይቼ እጠይቃለሁ፤ በሁለቱ መካከል ከአንድ ሰዓት በላይ ልዩነት ያላገኘሁበት ፓርክ አንድ ብቻ ነው።

በዚያ በባከነ ጠዋት አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አየሁ። ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሠራተኞቹ የየወንበሩን መቆለፊያ በእጃቸው እየሳቡ ፈተሹ፣ ማሽኑን ሦስት ጊዜ ባዶውን አዞሩ፣ ከዚያም አንደኛው ራሱ ተቀምጦ አንድ ዙር ሄደ። ወላጆች ይህን ጊዜ በትዕግሥት ሊያልፉት ይገባል እላለሁ። ሠራተኛውን «ቶሎ አስነሡ» እያሉ ማጣደፍ በልጅ ደኅንነት ላይ መቸኮል ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ሰልፉን በዓይን ከመለካት የሚመጣው ስሕተት ነው። ብዙዎቻችን ረጅሙን ሰልፍ ሸሽተን አጭሩን እንይዛለን። ከልጄ ጋር በስልክ ሰዓት ስንለካ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። የሰንሰለቱ ወንበር 24 ልጆች ይይዛል፤ ዙሩ ሦስት ደቂቃ፣ ማውረዱና መጫኑ አራት ደቂቃ ይፈጃልና በሰዓት ከ200 በላይ ልጆች ያስተናግዳል። የእሽቅድምድም መኪኖቹ ስድስት ብቻ ናቸው፤ ዙሩ አምስት ደቂቃ፣ የራስ ቁር ማውለቁና ማጥለቁ ሦስት ደቂቃ ስለሚወስድ በሰዓት 45 ልጆች ብቻ ይነዳሉ። እንግዲህ በወንበሩ ፊት 100 ልጆች ተሰልፈው ቢገኙ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆማል፤ በመኪኖቹ ፊት 50 ቢሆኑ ግን የመጨረሻው ከአንድ ሰዓት በላይ ይጠብቃል። ይህ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በሒሳብ ያረጋገጠው የሰልፍ ሕግ ነው፤ በሰልፍ ያለው ሰው ብዛት በአንድ ሰዓት ለሚስተናገደው ሰው ብዛት ሲካፈል የጥበቃው ጊዜ ይገኛል። በባንክም፣ በዳቦ ቤትም ይሠራል። ልጄ ይህን ካወቀች ወዲህ ፓርክ ስንገባ ገና ሳንቀመጥ ወንበሮቹን መቁጠር ትጀምራለች።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ በእኛ አገር ጎልቶ የሚታይ ሌላ ጉዳይ አለ። ትልቁ ማሽን እንደ ታክሲ ካልሞላ አይነሣም። በሁለተኛው ማለዳችን በሰንሰለቱ ወንበር ላይ ልጄ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር ቀበቶዋን አስራ ሃያ አምስት ደቂቃ ተቀምጣለች፤ አስነሺው ለአራት ልጅ ነዳጅ ማቃጠል እንደማይችል በቅንነት ነገረኝ፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተላችንን ገለበጥነው። ማሽኖቹ እንደተነሡ በቀጥታ ጥቂት ሰው ወደሚይዙት፣ ማለትም ወደ መኪኖቹና ወደ ትንሹ ባቡር እንሄዳለን፤ በእነዚህ ላይ ጠዋት ሰልፍ ስለሌለ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመን እንወጣለን። ወደ ትልልቆቹ የምንመለሰው 5 ሰዓት ገደማ፣ ወንበሩን የሚሞላ ሰው ሲገኝ፣ ነገር ግን ገና ሰልፍ ሳይረዝም ነው። ይህን ካደረግን በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ዘጠኝና አሥር ጨዋታ መጫወት ቻልን፤ ከሰዓት በኋላ በሄድንባቸው ቀናት ግን በአራት ሰዓት ቆይታ ከአምስት አልፈን አናውቅም። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግኝት ይህ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ሰው የመጀመሪያውን ሰዓት በትልቁ ማሽን ላይ ካዋለው ማልዶ የመነሣቱን ዋጋ አያገኝም።

የሕዝቡ አመጣጥ ከኑሯችን ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ቀኑን መምረጥም ሰዓቱን ከመምረጥ አያንስም። እሑድ ጠዋት ብዙ ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከቅዳሴ መልስ ቁርስ አለ፣ ቡና አለ፣ ምሳ አለ፤ ፓርኩ መሙላት የሚጀምረው 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን የሚጨናነቀው ከ9 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነው። እኛ ቅዳሜ ማታ ተሰናድተን እሑድ ማለዳ እንሄዳለን፣ ለቅዳሴ በምንሄድበት እሑድ ደግሞ ፓርኩን ትተን ቅዳሜን እንመርጣለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ከእሑድ ጠዋት ትንሽ ይበዛል፣ ሆኖም የሚያስቸግር አይደለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሰርግ ስለማይደገስ ፓርኮቹ ሰፋ ይላሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ሙሽሮችና ሚዜዎች ፎቶ ለመነሣት ከነመኪናቸው ስለሚመጡ መግቢያው ከቀትር ጀምሮ ይያዛል። በኢድ ዕለት ደግሞ ጠዋቱ የሶላትና የዘመድ ጥየቃ ስለሆነ ሕዝቡ አመሻሽ ላይ ይመጣል። በጎዳና ሩጫ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት እሑድ ከሆነ ግን ከከተማው አንድ ዳር ወደ ሌላው ማለዳ መሻገር ስለማይቻል ቀኑን መቀየር ይሻላል።

እንጦጦ የተለየ ነው። ፓርኩ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ሲሆን የሚፈለገው ፈረሱ፣ በገመድ ተንጠልጥለው የሚንሸራተቱበት ዚፕላይኑና የባሕር ዛፉ ጥላ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ማለዳው ይቆነጥጣል፤ የዳግማዊ ምኒልክ ከተማ ከእንጦጦ ወርዶ በፍል ውኃው አካባቢ በ1879 ዓ.ም. ሲቆረቆር ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ብርድ ነበር። እኛ በታኅሣሥ ወር 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ ያገኘነው ልምምዳቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡ ሯጮችን ነው። ልጆቹ እንደ ልባቸው ፈረስ ጋለቡ፤ በፋሲካ ማግስት ከሰዓት በኋላ ስንሄድ ግን ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደብን። እዚያ ማልዶ መድረስ የሚያድነው ከጨዋታው ሰልፍ ይልቅ ከአቀበቱ የመኪና ሰልፍ ነው። ወፍራም ሹራብ፣ ለሕፃናት ጓንት፣ በፔርሙዝ ሻይ ያስፈልጋል።

በቢሾፍቱ የውኃ መጫወቻ ደግሞ ማለዳው ብዙም አልጠቀመንም። ከቱሉ ዲምቱ የፈጣን መንገዱ መክፈያ ቅርባችን ስለሆነ ቶሎ ደረስን፤ መንሸራተቻዎቹም ባዶ ነበሩ፤ ውኃው ግን በጥር ጠዋት በጣም ስለሚቀዘቅዝ ትንሹ ልጄ ሁለት ጊዜ ወርዶ ከንፈሩ ጠቆረ። ፀሐይ ውኃውን እስክታሞቀው ስንጠብቅ ሕዝቡ መጣ። ለውኃ ጨዋታ ከ4 ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ፣ በሚያዝያና በግንቦት ካልሆነ በቀር፣ አልመክርም።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ልጨምር። በአንዳንድ ፓርኮች ገንዘቡ በካርድ ላይ ይሞላል፤ ቀትር ላይ ከጨዋታው ሰልፍ ይልቅ የካርዱ ሰልፍ ይረዝማል። ጠዋት እንደገባን ለቀኑ በሙሉ የሚበቃንን እንሞላለን። ኔትወርክ የጠፋበት ጠዋት ስላጋጠመኝ ጥሬ ብር ሳልይዝ አልወጣም።

ማልደው መነሣት የማይችሉ ቤተሰቦች መኖራቸውን አልረሳሁም፤ የሌሊት ተረኛ የሆነ ወላጅ ወይም አራስ ያለባት ቤት ይህን ማድረግ አይችሉም። በግንቦት ወር የመጨረሻውን ጉዟችንን ያደረግነው ለእነርሱ መልስ ለማግኘት ነው። ማሽኖቹ 12 ሰዓት ላይ በሚቆሙበት በዚያው የእንቁጣጣሹ ፓርክ 10 ሰዓት ከሃምሳ ላይ ደረስን። ሕፃን የያዙ ቤተሰቦች ታክሲ ሳይጠፋ ለመሳፈር መውጣት ጀምረው ነበር፤ በሰንሰለቱ ወንበር ፊት 60 ያህል ልጆች ነበሩ። ልጄ ቆጥራ «ከሃያ ደቂቃ አያልፍም» አለች። አሥራ ስምንት ደቂቃ ቆመች፤ ከወረደች በኋላ እንደገና ተሰለፈችና 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሁለተኛውን ዙር ወጣች። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄድ ሚኒባስ ለማግኘት ሃምሳ ደቂቃ ቆመናል፤ ይህንንም በዚያው ገጽ ላይ ጻፍኩት።