የሌባው በር

የአደጋ መውጫ በር በሰንሰለት ታስሮ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው "ቁልፉ የት ነው?" ብዬ አይደለም። "ምን እየጠፋባችሁ ነው?" ብዬ ነው። ይህን ጥያቄ የተማርኩት አብሮኝ ይሠራ ከነበረ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ነው። እኛ የእሳት አደጋ መከላከል ሠራተኞች ጉድለቱን ጽፈን መሄድ ይቀናናል። ቅጹ ላይ "መውጫው ተቆልፏል" የሚለው ቦታ ላይ ምልክት ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ከግቢው በወጣን ማግስት ግን ሰንሰለቱ ተመልሶ ይታሰራል። ሰው በሩን ያለ ምክንያት አይቆልፍማ።

ይህ በደንብ የገባኝ አንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ረጅም የስፌት አዳራሽ አለ። በአንዱ ጫፍ ሠራተኛው ጠዋትና ማታ የሚመላለስበት የፊት ደረጃ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ የኋላ ደረጃ። የኋላው በር እጀታ ላይ ወፍራም ሰንሰለት ተጠምጥሞ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከዚያ በፊትም ደርሷቸው ነበር። ቀጠሮ ይዘን ስንሄድ ሰንሰለቱ ይፈታል፣ ስንመለስ ይታሰራል። ያን ቀን ግን ሳንደውል ሄድን።

በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቁልፉን በክር አስረው አንገታቸው ላይ አድርገውታል።

"አባቴ፣ አሁን እሳት ቢነሳ ምን ያደርጋሉ?" አልኳቸው።

"እከፍታለኋ ልጄ! እዚሁ አይደለሁ እንዴ?"

"ሽንት ቤት ሄደው ቢሆንስ?"

ዝም አሉ። ቁልፉን በጣታቸው እያሻሹ ቆዩና፣ "እኔ ላይ አትፍረጂ። ይህ በር ክፍት በነበረ ጊዜ ጨርቅ በጥቅልሉ ነው የወጣው። ከደሞዜ ነው የተቆረጠው" አሉኝ።

ነገሩ ይኸው ነበር። እኛ በሩን የእሳት ጉዳይ አድርገን ደብዳቤ እንጽፋለን። ለእሳቸው ግን የደሞዝ ጉዳይ ነው። በሁለት የተለያየ ነገር ላይ እያወራን እንዴት እንግባባ?

የተቆለፉ በሮችን ታሪክ ያየ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል በተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ 146 ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አንደኛው መውጫ ተቆልፎ ነበር። ምክንያቱም ሠራተኞቹ በአንድ በር ብቻ እንዲወጡና ቦርሳቸው እንዲፈተሽ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል የሚደርሰው እስከ ስድስተኛው ፎቅ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በ1883 በእንግሊዟ ሰንደርላንድ ከተማ ቪክቶሪያ አዳራሽ ውስጥ 183 ሕፃናት ተረጋግጠው ሞተዋል። እዚያ እሳት እንኳ አልነበረም። ልጆቹ ስጦታ ሊቀበሉ በደረጃው ሲሮጡ፣ ታች ያለው በር አንድ ልጅ ብቻ በሚያሳልፍ ክፍተት ተቀርቅሮ ጠበቃቸው። የተቀረቀረው ትኬት ለመቆጣጠር ነው። በዚያ አደጋ ልቡ የተነካው ሮበርት ብሪግስ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ከውጭ ዝግ ሆኖ ከውስጥ አግዳሚ ብረቱን ሲገፉት የሚከፈት የበር መዝጊያ ሠርቶ በ1892 የፈጠራ መብት አገኘበት። ዛሬ በየሆቴሉና በየሲኒማ ቤቱ የምናየው የዚያ ዘር ነው። እኔ ይህን ሰው በጣም አከብረዋለሁ። ሌባውንም እሳቱንም በአንድ ብረት መልስ ሰጥቷቸዋል።

ባልደረባዬ ለሥራ አስኪያጁ ያቀረበው ይህንኑ ነው። አግዳሚ ብረት ይገጠም፤ ሲገፋ የሚጮህ አላርም ይኑረው። ጨርቁ ደግሞ በየፈረቃው ማብቂያ ተቆጥሮ ስቶር ኪፐሩ ይፈርምበት፤ ዕዳው ከጥበቃው ትከሻ ይውረድ። ሥራ አስኪያጁ ብዙ አላንገራገሩም። እስከዚያ ቀን ከእኛ መሥሪያ ቤት ስለ ስርቆቱ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ብረቱ ተገጠመ። ሽማግሌው ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሲያስረክቡ እፎይ አሉ። እኛም መዝገባችንን ዘጋን።

ወራት ካለፉ በኋላ እዚያው ፎቅ ላይ እሳት ተነሳ። ካውያ ጨርቅ ላይ ተደፍቶ ተረስቷል። ካውያው የተሰካው ደግሞ ሌሎች ማሽኖችም በተደረደሩበት ዲቫይደር ላይ ነው። የካውያው ጠረጴዛ ያለው ከፊት ደረጃው አጠገብ ነበር። ማለትም እሳቱ የተነሳው ሰው ሁሉ በሚያውቀው መውጫ በኩል ነው።

የሆነውን በኋላ ከሠራተኞቹ አንድ በአንድ ሰማን። ጭሱ ከጣሪያው ሥር ተንሳፍፎ ወደ ሰው ቁመት ሲወርድ ጊዜ አልፈጀበትም። የጨርቅ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዞ ይመጣል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰውን ነበልባሉ ሳይነካው ጉልበቱን ይነሳዋል። አብዛኛው ሠራተኛ ግን ወደ ጭሱ ነው የሮጠው፤ ወደ ፊት ደረጃው። ሰው ሲደነግጥ በገባበት መውጣት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ አንድ የምሽት ክበብ ሲቃጠል ሌሎች መውጫዎች እያሉ አብዛኛው ሰው ወደ ዋናው በር ነው የሄደው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ተዘጋ። 100 ሰዎች ሞቱ።

ሽማግሌው በኋላው በር በኩል ብረቱን በጀርባቸው ገፍተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። አላርሙ ጮኸ። "በዚህ! በዚህ ውጡ!" ብለው ተጣሩ። እዚያው አጠገብ ያሉት ልጆች ግን ንቅንቅ አላሉም። ቆመው ያይዋቸዋል። በሩ ከእነሱ ጥቂት እርምጃ ነው የሚርቀው። ሽማግሌው አንዷን በክንዷ ይዘው ጎትተው ደረጃው ላይ አወጧት። የቀሩት ከዚያ በኋላ ነው የተከተሉት። ፊት ለፊት የተጋፉትም ጭሱ መልሷቸው በዚያው ወጡ። ጭስ የገባባቸው ታከሙ። የሞተ ሰው የለም።

ለምን ቆሙ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። መልሱን የነገረችኝ ያችው የተጎተተችው ልጅ ናት።

"ያ በር ከጮኸ ሌባ ወጣ ማለት ነው ተብለናል። በዚያ በኩል ወጥቼ ብባረርስ ብዬ ነው።"

ወጥተን በሩን አየነው። ከአግዳሚው ብረት በላይ፣ በዓይን ቁመት፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። "በዚህ በር መውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው። አላርም ያስጮኸ ይቀጣል።" የለጠፈው የፈረቃ ኃላፊው ነው፤ በሩ ከተሠራ በኋላ። ክፉ ሰው አይደለም። ሠራተኛው ለሻይ እረፍት በዚያ በኩል እየወጣ አላርሙን ሲያስጮኸው ሰልችቶት ነው። ግን ሰንሰለቱ በወረቀት ተተካ። በሩ ተከፍቶ ሳለ የሰዉ ልብ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ።

ለእኔ የዚህ ሥራ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። ብረት ማስገጠም ቀላል ነው። በእሳት ጊዜ ሰው የሚያስበው ግን ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ አለቃው ነው። እንጀራውን የሚፈራ ሰው ጭስ ውስጥ ቆሞ ፈቃድ ይጠብቃል። ይህ የሚጻፍበት ሣጥን ቅጻችን ላይ አልነበረም። አሁን ግን ፍተሻ ስንወጣ ሠራተኛውን አለቃው በሌለበት እናነጋግራለን። "እሳት ቢነሳ በየት ትወጫለሽ?" እንላለን። ቀጥለን "በዚያኛውስ በር?" እንላለን። ፊቷ ላይ የሚታየው ነገር ከማንኛውም መዝገብ የበለጠ ይነግረናል።

እዚያ ድርጅት ውስጥ ወረቀቱ ተነሳ። ምን ብለን እንተካው ብለን ስንነጋገር ሥራ አስኪያጁ "የአደጋ ጊዜ መውጫ" ይበቃል አሉ። ሽማግሌው ግን አልተስማሙም። "እሱ ቀድሞም ተጽፎበታል። 'ማንም አይጠይቃችሁም' በሉበት" አሉ። ተጻፈ። በትልቁ ነው የተጻፈው፦ "እሳት ሲነሳ በዚህ ውጡ። ማንም አይጠይቃችሁም።"

ልምምዱንም ቀየርነው። ድሮ ደወል ተደውሎ ሁሉም በፊት ደረጃ ወርዶ ግቢ ውስጥ ይሰለፍ ነበር። አሁን የፊት ደረጃውን በገመድ ዘግተን በኋላው ብቻ እናስወጣለን፤ ያንን በር የመጀመሪያ ሆነው የሚገፉትም የፈረቃ ኃላፊው ራሳቸው ናቸው። ይህ እኔ የጠየቅኩት ነው። ሠራተኛው አለቃው አላርሙን ሲያስጮኽ በዓይኑ ማየት አለበት።

ሁለተኛው ፎቅ ገና ነው። የኋላው ደረጃ መታጠፊያ ላይ ካርቶን ተቆልሏል። ስጠይቅ መጋዘኑ ሞልቶ ነው አሉኝ። ስለዚህ በሚቀጥለው ፍተሻ መጀመሪያ የምንገባው መጋዘኑ ውስጥ ነው።