ክሪኬትን በእርሳስ ጀመርኩት

ሊድስ ያላችሁ ሐበሾች፣ እሁድ ከሰዓት ነጭ በነጭ ለብሼ አውቶብስ ስጠብቅ ካያችሁኝ መዘምራን ውስጥ ገባ ብላችሁ እንዳታስወሩ። ክሪኬት ልጫወት እየሄድኩ ነው። ሰፈራችን ባለች አንዲት ትንሽ የአማተር ክለብ ሁለተኛውን የውድድር ዘመኔን እያገባደድኩ ነው፣ ውድድር ከተባለ ማለቴ ነው። ጓደኞቼ «ያ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉበት ጨዋታ?» እያሉ ሲስቁብኝ ስለከረሙ እስካሁን የለቃቀምኩትን ላካፍላችሁ። በዚያውም አንድ ሁለታችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል። ሰው ሁሌ ያጥረናል።

ክለባችን ሊግ ውስጥ የለችም። ከመሰሎቿ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ብቻ ነው የምትጫወተው። ዋንጫ የለ፣ የደረጃ ሰንጠረዥ የለ፣ ወራጅ ቀጠና የለ። ከአባላቱ መሃል ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር አሉ፣ ታክሲ የሚነዳ ፓኪስታናዊ አለ፣ ሁለት ነርሶች፣ አንድ የስሪላንካ ተማሪ፣ ደግሞ አባትና ገና ጢም ያላበቀለ ልጁ። እዚህ አገር ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራው። እኔም መምህሩን በስማቸው እጠራቸዋለሁ፣ በሆዴ ግን «ጋሼ» ነው የምላቸው። ሰባ አልፏቸዋል። ቀስ አድርገው የሚወረውሯት፣ መሬት ነክታ የምትታጠፍ ኳስ ግን ስንቱን ጎረምሳ አንገቱን አስደፍታ መልሳዋለች።

ወደ ክለቡ የወሰደኝ የታክሲ ሹፌሩ ነው፣ ጎረቤቴ ነው። ክሪኬት ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ቻናል የምቀይር ሰው ነበርኩ። ሜዳ ስንደርስ ማንም መምቻ አላስጨበጠኝም። አንድ ሰፊ ደብተርና እርሳስ ሰጡኝና ከክለቡ አንጋፋ መዝጋቢ፣ በዕድሜ እናቴ ከሚሆኑ አንዲት ሴት አጠገብ አስቀመጡኝ። አሁን ሳስበው ክሪኬትን ከባዶ ለሚጀምር ሰው ከዚያች ወንበር የተሻለ ቦታ የለም። ይህን ሁሉ የምጽፈውም እሱን ልነግራችሁ ነው። ብዙ አዲስ ሰው የሚጀምረው በመምቻ ነው። ያቺን ድንጋይ የመሰለች ኳስ ፊት ለፊት ሲያያት ይደነግጣል፣ በዚያው ይቀራል።

ደብተሩ ላይ የማይመዘገብ ኳስ የለም። አንዱ ስድስት ኳስ ይወረውራል፣ ይሄ ኦቨር ይባላል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ከወዲያኛው ጫፍ ይቀጥላል። ምንም ካልተገኘ ነቁጥ ታደርጋለህ። ሁለቱ መቺዎች አንዴ ቦታ ከተቀያየሩ 1፣ ሁለቴ ከሆነ 2። ኳሷ እየተንከባለለች የሜዳውን ጠርዝ ካለፈች 4፣ መሬት ሳትነካ ከተሻገረች 6። ስድስቱም ነቁጥ ከሆኑ ነቁጦቹን በመስመር አያይዘህ ኤም የምትባለውን ፊደል ትሠራለህ፣ ለወርዋሪው ክብር ነው። ዳኛው በእጁ ምልክት ሲያሳይ ደግሞ አንተም እጅህን አንስተህ ማየትህን ታረጋግጥለታለህ፣ እስክታነሳ ድረስ እሱ ይጠብቅሃል። ሁለት እጁን ወደ ላይ ከዘረጋ ስድስት ነው፣ ወደ ጎን ከዘረጋ ኳሷ ከመቺው በጣም ርቃለች ማለት ነው። ምንም የማያውቅ ጀማሪ ቁጭ ብሎ ያን ሁሉ ሰው ያስቆማል። ሥልጣን ይሉሃል ይሄ ነው።

ከእያንዳንዱ ኦቨር በኋላ የእኛና የእነሱ መዝጋቢ ቁጥር ያመሳክራሉ። ሴትዮዋ በዚህች ክፍተት ነበር የሚያስተምሩኝ። «አሁን ያ ሰውዬ ለምን ወደ ኋላ ሄደ?» ይሉኛል። መልሱን አይነግሩኝም፣ ቀጣዩን ኳስ እይ ይሉኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ሰው ዝም ብሎ የቆመ የሚመስለው ሜዳ ውስጥ ማን ለማን ወጥመድ እንደሚያጠምድ ይገባኝ ጀመር። በጣም ያስቸገረኝ ኳሷ እግር የምትመታበት ሕግ ነው። መቺው ከኋላው ተተክለው ወደሚጠብቃቸው ሦስት እንጨቶች ስትሄድ እግሩ ካገዳት ከጨዋታ ይወጣል፣ ግን መሬት የነካችው በእግሩ በኩል ካለው እንጨት ውጪ ከሆነ አይወጣም። በቃል ሲነግሩህ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ በዐይን ጥቅሻ ታልፋለች።

ዳኝነቱ የበለጠ ጉድ አለው። እንደኛ ባለ ክለብ የተመደበ ዳኛ አይመጣም፣ ተራቸውን የሚጠብቁት መቺዎች ነጭ ካፖርት ደርበው ይዳኛሉ። ስለዚህ የራስህን ጓደኛ፣ አንዳንዴም በመኪናው ያመጣህን ሰው፣ ጣትህን ቀስረህ «ውጣ» ትለዋለህ። እሱም ቃል ሳይተነፍስ መውጣት አለበት። የኛ ሰው ይህን ቢያይ ሽማግሌ ይልክ ነበር! ጋሼ ሲዳኙ ስድስት ትናንሽ ጠጠር ኪሳቸው ውስጥ ይይዛሉ፣ አንድ ኳስ በተወረወረ ቁጥር አንዷን ወደ ሌላኛው ኪስ ያሻግራሉ። እኔም ሳንቲም ይዤ እንደሳቸው አደርጋለሁ።

የወዳጅነት ጨዋታ ከሊግ ይቀላል የሚል ካለ አልስማማም። ተጫዋቹ ላይ ይቀል ይሆናል፣ አምበሉ ላይ ግን ይከብዳል። ሊግ ላይ ማሸነፍ ነው፣ አለቀ። እዚህ ግን አምበሉ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ሠርቶ እንዲገባ ማድረግ አለበት፣ ጨዋታውም እስከ መጨረሻው ኦቨር ልብ እንዲያንጠለጥል ያስፈልጋል። ተጋጣሚዎቻችን ቶሎ ቶሎ እየወጡ ከሆነ ፈጣኑን ወርዋሪ ያሳርፍና ለነርሷ ወይም ለልጁ ይሰጣል። እነሱ ካየሉ ደግሞ ጋሼን ይጠራል። እኛ ዘጠኝ ብቻ ሆነን የተገኘንበት ቀን ተጋጣሚዎቻችን ሁለት ልጆች አበድረውን ኳስ ሲያቀብሉልን ዋሉ። አንደኛው እንዲያውም የገዛ ወንድሙን በአየር ላይ ቀልቦ አስወጣው። ያገራችን ሰው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ለካ ሊድስ ባለችበት ዮርክሻየርም ይሠራል።

ገናን ካነሳሁ አይቀር፣ መምቻ ስጨብጥ የመጀመሪያው ጣጣዬ እሱ ሆነ። ልጅ ሆኜ ገጠር አያቴ ጋ ሩር የመታሁበት ክንድ ሁሉን ነገር ከጎን ነው የሚጠርገው፣ ልክ በገና ዱላ እንደምንመታው። ክሪኬት ላይ ከጎን የምትጠርግ ከሆነ ቀጥ ብላ የመጣች ኳስ ከሥር ሾልካ እንጨቶቹን ትበትናቸዋለች። መምቻው ከላይ ወደ ታች፣ ልክ እንደ በር ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት፣ የፊተኛው ክርን ደግሞ ከፍ ይላል። የእንግሊዝን ክረምት አዳራሽ ውስጥ መረብ መሃል ቆሜ ይህችኑ ብቻ ነው የተለማመድኩት። አሁን ራሴን እከላከላለሁ። አስቆጥራለሁ ማለት ግን አይደለም፣ ዜሮ ላይ ወጥቶ መመለስ እዚህ ዳክዬ ይባላል፣ እኔም በቂ ዳክዬ አርብቻለሁ።

ስለ ዕቃ ለምትጠይቁኝ፣ መጀመሪያ ላይ ምንም አትግዙ። ክለቡ የጋራ ሻንጣ አለው፣ የእግር መከላከያውም ጓንቱም ሄልሜቱም እዚያ ውስጥ አለ። የግል መግዛት ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ወንዶች ሱሪ ውስጥ የምናደርጋት ጠንካራ መከላከያ። እሷ ውሰት አያምርባትም። እኔ ዘንድሮ የራሴን መምቻ ገዛሁ። ከአኻያ ዛፍ ነው የሚሠራው፣ አዲስ ሲሆን ወዲያው ኳስ አይመታበትም። መጀመሪያ ዘይት ትቀባዋለህ፣ ከዚያ ለቀናት በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልክ ትደበድበዋለህ፣ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ዘይቱ የምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የተልባ! ቤታችን ለጨጓራ የሚጠጣው ተልባ እዚህ አገር ለእንጨት ነው።

ኳሷ ከ156 እስከ 163 ግራም ትመዝናለች፣ ውስጧ ቡሽ፣ ላይዋ ጥብቅ ያለ ቆዳ ነው። ጓንት የሚፈቀደው ከእንጨቶቹ ኋላ ለሚቆመው ሰው ብቻ ነው፣ ሌሎቻችን በባዶ እጅ ነው የምንቀልባት። ምስጢሩ እጅን አለማደንደን ነው። ኳሷ መዳፍህ ላይ ስትደርስ ወደ ሰውነትህ እየሳብክ ትቀበላታለህ፣ ጣትህን ወደ ኳሷ ከቀሰርክ ግን ትሰብረዋለች። ኳስ ተጫውቶ ላደገ ልጅ ሌላው ችግር እግሩ ከእጁ መቅደሙ ነው። አንዴ በእግር ማስቆም ትሞክራለህ፣ ሁለተኛ ትተወዋለህ።

አሁን ወደ ሻይ። አንዱ ቡድን መትቶ ሲጨርስ ጨዋታው ይቆምና ሁለቱም ቡድን አብሮ ይበላል። ሳንድዊች፣ ኬክ፣ ስኮን፣ በትልቅ ማንቆርቆሪያ የሚቀዳ ሻይ። ተራ አለው፣ በተራህ ለሁሉም ሰው ታመጣለህ። የእኔ ተራ የደረሰው ፍልሰታ ላይ ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 መሆኑን ታውቃላችሁ፣ ክሪኬቱም የሚደራው ያኔ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ደግሞ እንቁላል፣ አይብና ቅቤ ነው። የምስር ሳምቡሳ ቃሪያ ጨምሬበት ጠብሼ ሄድኩ። ለጾመኛ ይሆናል፣ ሥጋ የሌለበት ስለሆነ ሙስሊሞቹም ሐላል ነው ወይ ብለው አይጨነቁም፣ ሥጋ የማትበላው ነርስም ትበላለች። ፓኪስታናዊው ጎረቤቴ የራሳቸው መስሎት የእናቱን አሠራር ሊያስረዳኝ ጀመረ። ሳህኑ ከኬኩ በፊት አለቀ። አሁን ተራዬ ባይሆንም ይጠይቁኛል። ቅዳሴ የምትሄዱም አትስጉ፣ ጨዋታው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሚጀምር ይደረስበታል።

ዝናብ ሲዘንብ ምን ይደረጋል? ይወራል። ሜዳው መሃል ያለችው 20 ሜትር ገደማ የምትሆን መሬት ትሸፈናለች፣ እኛ ቤት ውስጥ ተኮልኩለን እንጠብቃለን። ሊድስ ውስጥ ወሬው ምንጊዜም ወደ ሄዲንግሊ ስታዲየም ነው የሚያመራው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2019 ላይ እንግሊዝ አውስትራሊያን ለማሸነፍ 359 ያስፈልጋት ነበር፣ በመጀመሪያው ዙር ደግሞ 67 ብቻ አስቆጥራ ነበር መቺዎቿ ያለቁት። ቤን ስቶክስ ሳይወጣ 135 አስቆጠረና አንድ መቺ ብቻ ሲቀራቸው አሸነፉ። ሁሉም ስለ ስቶክስ ያወራል። ጋሼ ግን ሁሌ የሚያነሱት የመጨረሻውን መቺ ጃክ ሊችን ነው። መነጽሩን እየወለወለ ወዲያኛው ጫፍ ቆሞ 17 ኳስ ተከላክሎ 1 ብቻ አስቆጠረ። ሁለቱ አብረው 76 ጨመሩ። እኔም የመጨረሻው፣ አሥራ አንደኛ ሆኜ ስለምገባ ይህን ታሪክ ለእኔ ብለው እንደሚደጋግሙት ይገባኛል። ዘንድሮ አንድ ጨዋታ ላይ እኔና እሳቸው የመጨረሻዎቹ ነበርን። እሳቸው ይመታሉ፣ እኔ አግዳለሁ። ተሸነፍን፣ ግን በእኔ በኩል አልወጣንም።

መስከረም ሲያልቅ ሜዳው ይዘጋል። ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜ ሣሩ ላይ ዘር እንበትናለን፣ የከባዱን ሮለር ዝገት እናራግፋለን። ከዚያ አዳራሽ እንገባለን። ጋሼ ያቺን የምትታጠፍ ኳስ ሊያስተምሩኝ ቃል ገብተዋል፣ ሁሉም ነገር ያለው የእጅ አንጓ ላይ ነው ይላሉ። እስካሁን ብርቱካን ይዤ ሶፋ ላይ እያሽከረከርኩ ነው፣ ባለቤቴ ጭማቂ በዛብን ማለት ጀምራለች።