ቫርኒሽ ያልነካው ዋንዛ

ሲያትል ላይ ከሥራ መልስ ነፍሴን የሚያሳርፈው ቶርኖ ነው። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት በሆነ ኑሮ፣ በዚህ ማሽን እንጨት አሽከርክሮ ሳህን ማውጣት ትልቅ እረፍት ነው። እዚያ በነፋስ የወደቀ ሜፕል የሚባል ዛፍ አይጠፋም። ልቤ የሚመኘው ግን ዋንዛ ነበር። ከበሮውም፣ ገበታውም ከዋንዛ የሚሠራበት አገር ልጅ ነኝ።

ሜፕሉን ብዙ ጊዜ የምንሠራው እርጥቡን ነው። ለመሮ ይለዝባል። ጣጣው ሲደርቅ ነው። እንጨት በቁመቱ ብዙም አይቀንስም፤ በዙሪያው ግን ክፉኛ ይኮማተራል። ክብ የነበረው ሳህን ሞላላ የሚሆነው፣ ሲብስም የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ 30 ሳንቲሜትር ስፋት ላለው ሳህን ግድግዳውን 3 ሳንቲሜትር ያህል አወፍረን እንተወዋለን። ወራት ጠብቀን፣ ሲደርቅ እንደገና ቶርኖ ላይ እንመልሰዋለን።

ዘንድሮ ለጥምቀት ጎንደር ስገባ ታደልኩ። አራዳ አካባቢ የአልጋ እግር የሚያወጡ አንድ ጋሼ፣ ከቤታቸው ጥግ ለዓመታት የደረቀ ዋንዛ ነበራቸው። «ገበታማ በእጅ ነው የሚፈለፈል፤ በማሽን ይሆናል?» አሉኝ። ቶርኖውን ግን ለቀቁልኝ።

መሮው ላዩን ሲገፍፈው መጀመሪያ ገርጣ ያለው የዳር እንጨት መጣ። ጠለቅ ስል ቡናማው። በአንድ ጎኑ ቅርንጫፍ የወጣበት አንጓ አለ። መስመሮቹ እዚያ ሲደርሱ ቀጥ ብለው አያልፉም፤ አንጓውን ዞረውት ይሄዳሉ። ብርጭቆ ወረቀቱን ጨርሼ በእርጥብ ጨርቅ አበስኩት። መስመሩ ሁሉ ቁልጭ አለ! ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ዙሪያውን አዩት። «ይህን ሁሉ ዘመን ቀለም ስንደፋበት ኖረናል» አሉ።

እማዬ ግን አልተዋጠላትም። «ቀይ ቫርኒሽ ብትቀባው ምን አለበት ልጄ? እንግዳ ፊት ይቀርባል እኮ።» የተልባ ዘይት ብቻ ነው የቀባሁት። ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ አየር ሲያገኘው ይጠጥራል፣ መስመሩን አይሸፍንም። ዛፍ ዕድሜ ልኩን የሠራውን ነገር በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ማጥፋት ያሳዝነኛል። በየሳሎናችን ስንት የሚያምር ዋንዛ ቀይ ተለቅልቆ ተቀምጧል!

ጋሼ አሁን አልጋ ሲታዘዙ «ቀለሙ ይቅርና ዘይት ላድርግበት?» ብለው ይጠይቃሉ። እስካሁን እሺ ያላቸው አንድ ሙሽራ ነው።